አሮጌዎቹን ከማስወጣቴ በፊት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
አሥራ ሁለቱም ገቡ! ቀብሪበያ ላለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ተክዬ፣ አሮጌዎቹን አይሱዙ ላይ አስጭኜ ጅግጅጋ ተመለስኩ። ከሱቄ የወጣ ትልቁ ሥራ ነው። እነዚህ ከወደዱት ሌሎቹ ወረዳዎችም ይመጣሉ። ካልወደዱት ደግሞ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ እዚህ ይደርሳል።

ወንድሜ ዳዊት ከአዲስ አበባ ደወለ። ለአሮጌው ዊንዶውስ እድሳት ስለቆመ ዓለም ሁሉ ኮምፒውተር እየቀየረ ነው፣ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አክሲዮን መጨመሩ አይቀርም ይላል። ሱቁን ሽጪና አብረን እንግዛ አለኝ። አስብበታለሁ አልኩት። ደስታዬን ላበላሽ አልፈለግኩም።

ማክሰኞ፣ 11
ጉድ ፈላ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ አብዲ በጠዋት ደወሉ። የስንት ዓመት የቤትና የቦታ ደብዳቤ አዲሶቹ ላይ ሲከፈት አማርኛው የለም፣ ጭረት ብቻ። ጥፋቱ የኔ ነው። ፋይሎቹን ገለበጥኩ እንጂ አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም። የተጻፉት በድሮ የአማርኛ ፎንት ነው፤ እሱ ደግሞ የቀረው አሮጌዎቹ ውስጥ ነው።
አሮጌዎቹን ትናንትናውኑ ለቁራሌው ሰጥቻለሁ። ምን ነካኝ?

ረቡዕ
የቁራሌውን ግቢ ግማሽ ቀን ሙሉ ስፈትሽ ነበር። ሦስቱን ፈታትቷቸዋል። የአቶ አብዲን ያወቅኩት ጎኑ ላይ በተለጠፈው የሶላት ሰዓት ወረቀት ነው። ሰካሁት። እንደ ወፍጮ አጓራ፣ ቆየ፣ ተነሣ። ፎንቱ አለ! አቧራውን በሻሼ ጠረግኩለት።

ሐሙስ
ቀብሪበያ። ፎንቱን አሥራ ሁለቱም ላይ ጫንኩ፤ ጥፋቴንም ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። አቶ አብዲ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከፍተው፣ የቤቷን ማስረጃ ለማውጣት ሁለት ቀን ስትመላለስ ለነበረች አሮጊት በሶማልኛ እየተረጎሙ አነበቡላት። ስሟ ሲጠራ ራሷን ነቀነቀች።
«አባዮ» አሉኝ፣ እህቴ ማለታቸው ነው፣ «ፋይሉ ተበላሽቷል ብትዪን እናምንሽ ነበር።»
ኮራሁ። እዚህ ማን ያየኛል፣ በጣም ኮራሁ። አሮጌውን ከጠረጴዛቸው ሥር ትቼላቸው መጣሁ።

ዓርብ
ዳዊት መልስ ፈለገ። ሱቄን አልሸጥም አልኩት። አክሲዮን ገዢው የሚያየው የተሸጠውን አዲስ ነው፣ አሮጌው ውስጥ የቀረውን ማን ያወጣዋል? ሳቀብኝ። ብቻውን ሊገዛ ነው። ምናልባት ያተርፍ ይሆናል፣ አላውቅም።

ከጁምዓ በኋላ አንድ ሰው ከጉናጋዶ ወረዳ ደወለ፣ አቶ አብዲ ነግረውት። የቢሯቸውን ኮምፒውተሮች ሊቀይሩ ነው። ዋጋ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «አንቺ ሳታዪያቸው አሮጌዎቹን አናስወጣም» አለኝ።
ሰኞ እሄዳለሁ። ለቁራሌው አልነገርኩትም።