ስለ ስድስቱ ፔኒ ክፍፍልና ስለሚወሰደው የአደራ መዝገቤ

ሰኔ 11 ቀን 1862፣ ፔንሮዝ ወደብ፣ ኒው ዚላንድ። ከጠዋት ጀምሮ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ይህ ሲጻፍ በፖስታ መስኮቱ ያለነው እኔና የመጋዝ ሠራተኛው ያቤጽ ኦክሾት ብቻ ነን።

ባሕር ማዶ ለሚገኙት ለክቡር የንግሥቲቱ መንግሥት ዋና የፖስታ ሹም፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ይብዛ፣ ክንድዎም አይዛል፤ ከእያንዳንዱ የአደራ ደብዳቤ ስድስት ፔኒ ክፍያ ላይ አራቱን ማንሳት ቀላል ድካም እንዳልሆነ እናውቃለንና። ሁለቷን ለቅኝ ግዛታችን ስለተዉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

አንደኛ፣ በሁለት ፔኒ በየመስኮቱ የአደራ መዝገብ ማቆየት አያዋጣም ተብሎ፣ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት መዝገብ ነገ ከወንዙ ማዶ ላሉት የፖስታ መስኮት ጠባቂ፣ ለወይዘሮ ላቪኒያ ፖኮክ እንዲሰጥ ታዟል። ወይዘሮ ፖኮክ መልካም ሰው ናቸው። ለመዝገቡ ክብር ሲሉ አዲስ አረንጓዴ መጋረጃ ሰቅለዋል፤ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ነገር ሳይ ያመኛል።

ሁለተኛ፣ የአደራ ደብዳቤ ያለ ፊርማ አይሰጥም። የመጋዝ ሠራተኞቻችን ግን መጀመሪያ ሲመጡ የሚያውቁት በስማቸው ፋንታ የመስቀል ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ሳሙና ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ቢሆንም መስኮቱ ላይ አቁሜ ስማቸውን አንድ አንድ ፊደል እያልሁ አስተማርኋቸው፤ አሥራ አራቱ ዛሬ በኩራት ይፈርማሉ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወይዘሮ ፖኮክ፣ «ከዛያ፣ አሳድገሽ አሳድገሽ ለእኔ ዳርሽልኝ በይ!» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ቅናት ነውና። አራቱን ፔኒ ይውሰዱ፣ ይባረክልዎ። እኔ የምቀናው በዚያች ሴት ነው፤ ከእንግዲህ እነዚያ ወፍራም ጣቶች በእርሷ ፊት ብዕር ሲጨብጡ የምታየው እርሷ ናት። ያቤጽ በእንግሊዝኛ ከሚጻፈው ስሙ አምስት ፊደላት ገና ሁለቱን ነው የያዘው። የእናቱ ደብዳቤ ከወንዙ ማዶ ደርሶ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ግን አሁን ከኋላዬ ቆሞ፣ «እትዬ፣ እዚያ ሄጄ መስቀል ሳደርግ ይስቁብኝ? ደብዳቤው ጥንቅር ይበል!» ይላል።

እስከ ነገ ጠዋት ብቻ የአደራ መዝገብ ጠባቂ የሆንሁ፣ ከሁለቷ ፔኒ ሥር ሆኜ እጅ የምነሳ ታዛዥዎ፣

ከዛያ ትራንተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን በሸራ ጠቅልዬ ከያቤጽ ጋር በጀልባ ተሻገርሁ። መዝገቡን ለወይዘሮ ፖኮክ አስረከብሁ። ከዚያም ያቤጽን መስኮታቸው ላይ አቁሜ የቀሩትን ሦስት ፊደላት አስተማርሁት። ከኋላችን የተሰለፉት «ኧረ ሰው ዝናብ ላይ ቆሟል!» እያሉ ጮኹብን፤ አልቸኮልንም። ፈረመ፣ ደብዳቤውንም ወሰደ። ፊርማው ጠማማ ነው፤ ከእርሱም ላይ እንደ ስድስቱ ፔኒ ለክቡርነትዎ የሚደርሰው ሁለት ሦስተኛ የትኛው ወገን እንደሆነ ቢያስታውቁኝ፣ ቆርጬ በሚቀጥለው መርከብ እልካለሁ።