ረቂቅ ብቻ የሚገባበት ሳጥን

ሰኞ፣ ጠዋት
ዝናብ። ማባዣው ዛሬም አኩርፏል፤ እጀታውን ሳዞረው እንደ ጓ/ኃላፊያችን ያለከልካል። ታይፒስታችን እትዬ አስካለ ያችኑ ሕጋቸውን ደገሙልኝ፦ ሳጥናቸው ውስጥ ረቂቅ ብቻ። ማባዣው ላይ የሚገጠመው ባለ ሰም ወረቀት፣ ስቴንስል፣ አይገባ፤ የታተመ አይገባ። ከጎሬና ከኡካ መምህራን የሚልኩትን የፊደል መጽሐፍ እርማት ተራ በተራ እዚያ ያስቀምጣሉ፤ የቱ ቃል መቼ እንደተለወጠ ይታያል። ስቴንስል ግን አይነበብ፣ ቀለሙም ሌላውን ወረቀት ይበላል።
«ረቂቁ ካለ ስቴንስሉን ምንጊዜም እንሠራዋለን፣ አንተ ቀልማዳ!»
እሺ እትዬ አልኩ። ከኋላቸው አፌን አጣመምኩ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
ደብተር፣ ሳትስቅ ስማ። ጓ/ኃላፊን ሣልኩት። መጀመሪያ በእርሳስ፣ ሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ፤ ቀጥሎ ስቴንስል ላይ። ቦርጩ ቀድሞት ስብሰባ ሲገባ። አንድ ቅጂ አወጣሁ፤ ዘበኛው ኦቦ ዲንሳ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ወዲያው ኮቴ። እሱ! ቅጂውን አኝኬ ዋጥኩ። ቀለም የጠጣውን ስቴንስልስ? የእትዬ ሳጥን ክፍት ነው። ከተትኩት። እትዬ መጥተው ቆለፉ። ነገ አወጣዋለሁ።

ሐሙስ
ትናንት እትዬ ታመው ቀሩ። ቁልፉም አብሮ ቀረ። ዛሬ ከፍተው ጃንጥላቸውን ሊያንጠለጥሉ ዞር ሲሉ ስቴንስሉን መንጭቄ ሸሚዜ ሥር። ኦቦ ዲንሳ የሚሞቁት እሳት ላይ ጣልኩት። ስመለስ እትዬ ወረቀቱን እየገለጡ ነው። ጥቁር። ቀጣዩም ጥቁር። የዓመት እርማት። አንድ በአንድ እያነሱ መስኮቱ ላይ ማስጣት ጀመሩ። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ
ስብሰባ። ጓ/ኃላፊ አሻጥር ነው አለ። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?
«እኔ ዘንድ» አሉ እትዬ። ሰኞ ጉዳያቸው ወደ በላይ አካል ይተላለፋል። እኔ ጥፍሬን አያለሁ። ኦቦ ዲንሳ በር ላይ ያዙኝ። ማል ጎቴ፣ ምን አደረግህ? ሳቅኩ።

እሑድ
ልናገር እትዬ ቤት ሄድኩ። ምሳ አቀረቡ። ስለ ዝናቡ ቀባጠርኩ። ስወጣ፦
«ደረትህ ላይ ያለውን ቀለም በላምባ እሸው፤ በሳሙና አይለቅም።»
ያውቃሉ! ዓርብም ያውቁ ነበር። ወይ እኔ!

ሰኞ፣ 2 ሰዓት
የጓ/ኃላፊ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ስቴንስሉ አመድ። በባዶ እጄ ብናዘዝ ቀልድ ነው ይላል፤ መቼ እውነት አውርቼ አውቃለሁ። ግን በእርሳስ የሣልኩበት ፓኮ ኪሴ ውስጥ ነው። ረቂቁ ካለ ምንጊዜም እንሠራዋለን። ስቴንስል ይስጠኝ፣ እዚያው እፊቱ ደግሜ እሥለዋለሁ፤ ቦርጩን ሳልቀንስ። ብቻዬን ነበርኩ እላለሁ፣ የሳቀ ሰው የለም።
ያስሩኝ ይሆን?
ኮቴ። ቦርጩ ቀደመ። ልገባ ነው።