ሳላስፈቅደው የቋጠርኩት ገመድ

ጃንዋሪ 11
ዳቦ ገዛሁ። የአባዬን መድኃኒት ከፋርማሲ አመጣሁ። ዝናብ ነው፣ ዮርክሻየር መቼ ዝናብ አጥቶ ያውቃል... ልቤ ግን እየዘለለ ነው። ሃያ ሁለት ቀን ቀረኝ! ትምህርቴ ዓመት ከአንድ ቀን ሲሞላው የጠንቋዮቹ ክበብ ውስጥ ልገባ፣ እኔም ጠንቋይ ልባል። እኔ ሄዘል! ራሴን ጠንቋይ ብዬ ስጠራ ገና ያስቀኛል።

ጃንዋሪ 14
የአባዬ ጉልበት ባሰበት። ደረጃውን በቂጡ ነው የወረደው፣ አንድ በአንድ። ክንዴን ልሰጠው ስል «ተይኝ!» ብሎ ጮኸብኝ።
ክፍሌን ዘጋሁ። ሻማ አበራሁ፣ ፀሐይ በምትዞርበት አቅጣጫ ዞርኩ፣ የአራቱን ማዕዘን መናፍስት ጠራሁ። ቀይ ገመድ ዘጠኝ ጊዜ ቋጠርኩ፣ በየቋጠሮው «ይሻልህ» እያልኩ። ከሶፋው ትራስ ስር ደበቅኩት። አያውቅም። ማወቅም የለበትም... የጸሎት ቤት ሰው ነው፣ እሁድ የማይቀር ሜቶዲስት ፕሮቴስታንት።

ጃንዋሪ 15
ሁለት ደረጃ ቆሞ ወረደ! ሠራ እንዴ?

ጃንዋሪ 18
አስተማሪዬ እትዬ ዊኒ ጋ በረርኩ። ጡረታ የወጡ ፖስተኛ፣ የክበቡ ታላቅ ናቸው። እየፈነደቅኩ ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡ።
«አስፈቅደሽዋል?»
«ማንን?»
«አባትሽን ነዋ! ጉልበቱ ያንቺ ነው?»
«ለበጎ እኮ ነው፣ እትዬ...»
«ለበጎም ቢሆን! 'ማንንም ሳትጎጂ የወደድሽውን አድርጊ' ብዬ ዓመት ሙሉ ለግድግዳ ነው የነገርኩት? ሰውን ሳያውቅ መንካት ጉዳት አይደለም?»
ፊቴ ቲማቲም መሰለ። «ካልነገርሽው ክበቡ ውስጥ አትገቢም፣ አለቀ!» አሉኝ። ብነግረውስ? ከቤት ቢያስወጣኝስ?

ጃንዋሪ 24
አልነገርኩትም። ሁለቴ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፈሪ!

ጃንዋሪ 29
ነገርኩት!!!
ገመዱን አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩ። ጨረቃዋን፣ ሻማውን፣ የምናመልካትን እንስት አምላክ...
«ሐሙስ ሐሙስ የሹራብ ትምህርት ያልሽኝ ይሄ ነው?»
«አዎ፣ አባዬ።»
«እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ምነው አንድ ካልሲ እንኳ አላየሁ እላለሁ!»
ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።
«ጸሎት ቤት እንኳ ስሜን በጸሎት ከመጥራታቸው በፊት 'እንጸልይልህ ወይ?' ይሉኛል። አንቺ ልጄ...»
ይሄ አንጀቴን በላው። ዘጠኙንም ቋጠሮ ፊቱ ፈታሁ።
«አሁን ጠይቂኛ» አለ።
ጠየቅኩት።
«አልፈልግም። እኔ የራሴ ጸሎት አለኝ። ስለጠየቅሽኝ ግን እግዜር ይስጥሽ።»
እምቢ አለኝ! ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የቀለለኝ?

ፌብሩዋሪ 1
ነገ! እንቅልፍ የት አባቱ! አባዬ ደግሞ «ስንት ሰዓት ነው?» ይለኛል፣ ጫማውን እየወለወለ። ጭራሽ ሊመጣ?!

ፌብሩዋሪ 2
ገባሁ! ገባሁ!
እትዬ ዊኒ ጓሮ፣ ነጫጭ አበቦቹ ከበረዶው ብቅ ብለው... እትዬ ቁመቴን በቀይ ክር ለኩኝ። ጥቁር እጀታ ያለው ቢላ ደረቴ ላይ ደግነው «በፈቃድሽ ነው?» አሉኝ። ቃሉን እኮ ስንቴ አጥንቼዋለሁ። ዛሬ ነው የገባኝ። «በፈቃዴ!» አልኩ፣ መንደሩ እስኪሰማ።
አባዬ እትዬ ማድቤት ውስጥ ሻይ ይዞ ጠበቀኝ።
«ለናንተም 'እንኳን ደስ አለሽ' ይባላል?»
«ይባላል፣ አባዬ!»
«ጉልበቴን አልነካሽብኝም አይደል?»
«አልነካሁም።»
ስንወጣ የእትዬ ዊኒ የድንጋይ ደረጃ እርጥብ ነበር። አሥራ አራት ደረጃ። ላይ ቆሜ ጠበቅኩ፣ እጄንም አልዘረጋሁ። ቁልቁል አየ፣ እኔን አየ።
«ሄዘል... ክንድሽን ትሰጪኛለሽ?»
አሥራ አራቱንም ቆመን ወረድን።