እኔ ቤት የከረመው የጀልባ ሞተር

ሰኞ፣ የመስከረም መጨረሻ

ሞተሩ አልዞር አለ። ገመዱን አንዴ ሳብኩ፣ ደገምኩ፣ በሦስተኛው ትከሻዬ ጮኸ። ብረቱ ንቅንቅ የለም።

ማስተዋል፣ እንዳልኩሽ ጻፊ፣ አታሳምሪው። ልጄ መምህር ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጽፍልኛለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ብረት ግን አነባለሁ። ማረሻም ጠመንጃም በእጄ ዝጎ አያውቅም። ዓባይ ሞልቶ ጀልባው ሲቆም ሞተሩን ከቆላ አውጥተው እኔ ዘንድ ያመጡት ለዚሁ ነው። ጀልባውን የሚነዳው ሸሪኬ አለምነህ ቡሬ ጋራዥ ይቀመጥ ብሎ ነበር። «ከኔ ቤት የተሻለ የት አለ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ሊወስደው ይመጣል። ካልተነሣ ከርሞ አይሰጠኝም፣ እውነቱን ነው። ወንዙ ጎድሏል፤ ሰዉም ከወዲህም ከወዲያም መሻገሪያ ይጠብቃል።

ሰኔ ላይ ያደረግሁትን ልናገር፣ ጥፋቱ እንዲገኝ። በርሜል ሙሉ የምንጭ ውኃ ውስጥ አስነሥቼ የዓባይን ጭቃ ከሆዱ አሳጠብኩት። ቤንዚኑን እስከ ጠብታው አስጨረስኩት፤ ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል። የማርሽ ዘይቱ ወተት መስሎ ነበር፣ ውኃ ገብቶበት፤ ቀየርኩት። ቀጥ አድርጌ አቆምኩት፤ ሞተር ከተጋደመ ውኃ ይዞ ይቀራል፣ ውርጫችን ደግሞ ውኃውን ድንጋይ አድርጎ ብረት ይሰነጥቃል። ላስቲክ አላለበስኩትም፣ ያልበዋል። አሮጌ ጋቢ ደረብኩለት። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ በቀዳዳው ዘይት አፈሰስኩ። ምን ቀረ? አንድም የቀረ የለም።

ማክሰኞ

ማስተዋል ቡሬ ላለው መካኒክ ደወለችልኝ። ልጅ ነው፣ ድምፁ ገና ነው። ግን ያውቃል።

«በጉልበት እንዳይስቡት አባቴ፤ የሚሰበረው ያኔ ነው። ምን ዘይት ነው ያፈሰሱበት?»

«ንጹሕ ዘይት» አልኩት።

«እንግዲያ ዝጎ ይሆናል። ያምጡትና ይፈታ።»

ይፈታ ማለት ሳምንት ማለት ነው። አልወስድም።

በካንዴላው ቀዳዳ ባትሪ አብርቼ አየሁ። ዝገት ቀይ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ቀይ አይደለም። ቢጫ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ የግራር ሙጫ ይመስላል። በሽቦ ጫር ሳደርገው ተለጠፈብኝ። አሸተትኩት፤ ኑግ ነው። ያፈሰስኩትማ የገዛ ማሳዬን የኑግ ዘይት ነው። ለመካኒኩ ይህን አልነገርኩትም። ምን ያገባዋል ብዬ ነው። አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ኑጉ ሲገባ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ማን ሙጫ አደረገው? ቀኑን ሙሉ ይኼን ሳስብ ዋልኩ። ምሳዬንም በቅጡ አልበላሁ።

ረቡዕ

ያወቀችው ባለቤቴ ናት። ጥሩነሽ የጾም ወጥ ልትሠራ የዘይቱን ጠርሙስ አንሥታ እኔ ሙጫ ሙጫ ስል ሰማች።

«አንቱ፣ የዚህን ጠርሙስ አንገት ዳሰው ያውቃሉ?»

ዳሰስኩ። ጣቴን ያዘኝ። ያው ቢጫ ሙጫ።

«ሁልጊዜ በሙቅ ውኃና በአመድ የምፈገፍገው ምኑን መሰለዎ? ኑግ ስስ ሆኖ ከቆየ ይጣበቃል። ሴት ሁሉ ያውቀዋል።»

ጣቴን በጋቢዬ ጠረግሁ። እሷ ግን አላበቃችም።

«አለምነህ ትቶልዎ የሄደው የሞተር ዘይት ይኸው ቆጥ ላይ እንደታሸገ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር።»

ተናደድኩ፣ እውነቷን ስለሆነ። ያ ዘይት ማን እንደጨመቀው አይታወቅም፤ የኔን ግን ዘርቼ፣ አጭጄ፣ ወቅቼ አውቀዋለሁ ብዬ ነው። አባቴም የጠመንጃውን ብረት በኑግ ነበር የሚወለውለው። ዛሬ አጥር ሥር ተቀምጬ ሳስበው ግን አባቴ በየቀኑ ነበር የሚወለውለው። አንድ ቀን አድሮበት አያውቅም። እኔ ዘግቼ አራት ወር ተውኩት። ለካ የዕለት ሌላ፣ የማክረሚያ ሌላ።

ከዚያ ሙከራ ጀመርኩ። ጠርሙሱ አንገት ላይ ሙቅ ውኃ፤ ወይ ፍንክች። አረቄ፤ ትንሽ። የኩራዝ ጋዝ፤ ለቀቀው። ጋዙን በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሼ ሞተሩን ፀሐይ ላይ አቆምኩት።

ሐሙስ

ጠዋት አልዞረም። ጋዝ ጨመርኩ። ቀትር ላይ የላይኛውን መዘውር በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ወደኋላ ወደፊት አልኩት፤ የፀጉር ያህል ሄደ። ጥሩነሽን ጠርቼ አሳየኋት። «አልሄደም፣ እጅዎ ነው የተንቀጠቀጠ» አለችኝ። ምልክት በከሰል አደረግሁ። ሄዷል።

ወደ ማታ ላይ ሙሉ ዙር ዞረ። በቀዳዳው የወጣው ጋዝ ጠላ መስሏል። ደጋግሜ አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ የአለምነህን ዘይት ከፍቼ ጥቂት አፈሰስኩ። መዞር ሌላ፣ መነሣት ሌላ። ቤንዚን የለኝም፤ አለምነህ ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ምንም አላውቅም።

ዓርብ

አለምነህ ሦስት ሰዎችና ቃሬዛ ይዞ መጣ። ሞተሩን በርሜል ውስጥ አስገባን። ስድስት ጊዜ ሳበ፣ ዝም። በሰባተኛው አስነጠሰና ተነሣ። ግቢው በነጭ ጭስ ተሞላ።

አለምነህ አፍንጫውን ነፋ አደረገ። «አያ ታከለ፣ ይኼ ሞተር ምን እየበላ ነው የከረመው? የጾም ወጥ ሸተተኝ።»

ከጓዳ ነው ማለት እችል ነበር። ጥሩነሽም እሳት አንድዳ ነበር። ማስተዋል «አባባ፣ ይኼን ልጻፈው?» ትለኛለች። ጻፊው።

«ኑግ አፍስሼበት ተጣብቆ ነበር» አልኩ። «ቡሬ ላለው መካኒክም ደውዬ ነበር፤ እኔው አላቀቅሁት።»

ሦስቱ ሰዎች ሳቁ። አለምነህ አልሳቀም። «ኑግ መሆኑን ለመካኒኩ ነግረውታል?»

«አልነገርኩም።»

«ኑጉን ይቅር ብዬዎታለሁ፤ መደበቁን ነው የማልወደው። መኻል ወንዝ ላይ ቢጠፋ ሰው ይዤ ነው ቁልቁል የምሄደው፣ አያ ታከለ።»

 አለምነህ ነገ ጀልባውን ባዶ አሻግሬ አየዋለሁ፣ ሰው የምጭነው ከተመለሰ ነው አለ። የከርሞውንም ያኔ እንነጋገራለን አለ።

በቃሬዛ ተሸክመውት ሄዱ። አንዲት ከገበያ የምትመለስ ሴት መንገድ ለቃ «እግዜር ይማረው፣ ምኑን ነው ያመመው?» አለች። ከሰዎቹ አንዱ «ሆዱን» አላት።

ቅዳሜ

ማንም ሳይጠራኝ ወረድኩ። ወንዙ ድረስ ጉልበቴ አይችልም፤ ገደሉ አፋፍ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ። ዓይኔ ጀልባ አይለይም። ጆሮዬ ግን ደኅና ነው።

ተነሣ። የሞተሩ ድምፅ መጀመሪያ ጎርነን ያለ ነበር፣ ቆይቶ ቀጠነ። እስኪሻገር ቆጠርኩ፣ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ማዶ ሲደርስ ዝም አለ።

ያ ዝምታ ረዘመ። አጥፍቶት ነው ወይስ ጠፍቶበት? ከላይ ሆኖ አይታወቅም። ጆሮዬን ወደ ገደሉ አዘነበልኩ። ሁለት ዝንጀሮ መጥተው አዩኝና ሄዱ።

ከዚያ ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰ። ቆመ። ደግሞ አስነጠሰና ተነሣ፣ ወደ እኛ በኩልም ድምፁ እየወፈረ መጣ። ወዲህ ዳር እስኪደርስ አልተነሣሁም። ዳገቱን ስወጣ እንደገና ሰማሁት፤ አሁን ዝግ ብሎ፣ ከብዶት ነው የሚሄደው። ሰው ጭኗል።