ለጥርስ ክፍሉ ኃላፊ፣ ስለ እናቴ መንጋጋ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የጥርስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ኢየሩሳሌም

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነሠራተኞችዎና ከነሠላሳ ሁለት ጥርስዎ በፍጹም ጤና እንዲሰነብቱ እየተመኘሁ፣ እኔ የኔቬ ያዕቆብ ሰፈር ነዋሪው ገበያው፣ ሕክምናን ከታማሚው ፍላጎት ጋር የሚያዛምደው አዲሱ አሠራርዎ ለእናቴ ለወይዘሮ እናና የዋለላትን ውለታ በአደባባይ ልመሰክር ይህን ጻፍሁ። አንድ የቀራት የማኘኪያ መንጋጋ በቶሎ ከታከመ እንደሚተርፍ የራስዎ ሐኪም ዓምና ጽፎልን ነበር። ተቆጥቼ እንዳይመስልዎ፤ ቁጣው ከፋሲካ ወዲህ ደንዝዞልኛል።

፩. ጸሐፊዎ ኢሪት በአስተርጓሚ ደውላ፣ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው ስትል በትሕትና ጠየቀቻት። እናቴ ያደገችው ጎንደር ገጠር ነው፤ እዚያ ደህንነትዎን ለጠየቀ እንግዳ ሕመም መዘርዘር ነውር ነው። ስለዚህ ጉንጯን በመዳፏ እንደደገፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ልጄ እንዴት ነሽ አለቻት። ዜሮ ተብሎ ተመዘገበ። ለዜሮ የሚመጥነው አገልግሎት የጥርስ አቦራረሽ ትምህርት በመሆኑም፣ አራት ጥርስ የቀራት የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ሁለት አውቶቡስ ቀይራ መጥታ ሠላሳ ሁለቱ እንዴት እንደሚቦረሹ ተማረች። ስለ ሃያ ስምንቱ ዕውቀት እናመሰግናለን።

፪. ጥፋቱ የእኛ ነው ብዬ፣ በሁለተኛው ጊዜ ዐሥር በዪ ስል መከርኋት። ዐሥርማ የምጥ ነው፣ ለጥርስ ዐሥር ማለት አያሳፍርህም ወይ ብላ ገሠጸችኝ። እንደምንም በስምንት ተስማማን። መመዝገቢያው መስኮት ዘንድ ስንደርስ ግን አጠገቧ አገጩን የያዘ ወታደር ልጅ አየች፤ የእኔ ሁለት ይበቃኛል፣ የቀረውን ለእሱ ጻፉለት አለች። ኢሪት ሁለት ብላ ጻፈች። የወታደሩን አላውቅም።

፫. ለሁለት ቁጥር የሚገባው ወረፋ ዐሥራ አንድ ወር ነው።

፬. በእነዚህ ወራት ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ሙዝ ብቻ ስገዛላት ከረምሁ። በእህቴ ልጅ በሚካል ሠርግ፣ ጠግቤያለሁ እያለች ሥጋውን ሁሉ ወደ እኔ ሳህን አሳለፈችው፤ እኔም በላሁት።

፭. ባለፈው ሳምንት ፊቷ አብጦ ዓይኗ ሲጠፋ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኋት፤ መንጋጋውን በአራት ደቂቃ ነቀሉላት። ቁጥር የጠየቃት አልነበረም፤ አፏን ከፍተው አዩ እንጂ። ይህን ያልተለመደ ዘዴ ለክፍልዎም እንዲያስቡበት በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ።

ክብርዎ ከፍ፣ ወንበርዎ ከነመደገፊያው ጽኑ እንዲሆንልዎ የሚመኘው፣ ለእናቱ ምሳ ሽሮ የሚያቀጥነው ታዛዥዎ፣
ገበያው

ማስታወሻ፦ መንጋጋዋን ለማዳን የያዙላት ቀጠሮ ትናንት በፖስታ ደርሶናል። ይቅርብሽ፣ ከእንግዲህ አይጠቅምሽም ብላት፣ አክብሮ ከጠራን ሰው ዘንድ መቅረት ነውር ነው ብላ ልትመጣ ቆርጣለች። መንጋጋውን በመሐረብ ጠቅልላ ትይዝልዎታለች።