ሐሰን የሰማው ሆዴ

ሐሙስ፣ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መቀሌ

እግሬ ያለ ፈቃዴ ስለሚንቀጠቀጥ ዛሬም ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ደረቴን ሳልነካ የልቤን ምት እንዳዳምጥ ነገረችኝ። ምንም አልተሰማኝም። "እንዳንተ የሚያመው ሰው አንዳንዴ የሰውነቱን ስሜት አይለይም። በረመዳን ጾም ረሃቡስ ይሰማሃል?" አለችኝ። ረሃብ ተሰምቶኝ አያውቅም።

እዚህ ያሉ የአገሬ የወሎ ነጋዴዎች ግን "እንደ ሰዒድ ጾም የሚችል የለም" ይሉኛል፤ እኔም ደስ እያለኝ እቀበላለሁ። ትናንት እንኳ የሱቅ ጎረቤቴ ሐሰን ውሃ ጠማኝ ቢል "ኢማንህ ሳስቷል" ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኩት።

ማታ አብረን ስናፈጥር ሐሰን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ሆድህ እየጮኸ ነው፣ ቶሎ ቅመስ" ብሎ የራሱን ተምር ሰጠኝ። እኔ አልሰማሁትም ነበር። እግሬ ምንጣፉ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐሰን ሰው እንዳያይብኝ ጋቢውን ጣል አደረገበት።