ዓመቱን ለረሳው ወንድሜ

ይድረስ ለወንድሜ ለዓለምነህ ገላው፣ ሆላንድ አገር።

ሰላምታውን ላስቀድም፤ ንዴቴ ከኋላ ይደርሳል። እንኳን ወንድምን ጠላትንም ቢሆን ጤናውን ሳይጠይቁ ነገር መጀመር አላደግንበትም። ለመሆኑ እንዴት ከረምክ? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ እንደ ድሮው ወንበር ላይ ተጣብቀህ ትውላለህ? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እህል ትቀምሳለህ ወይ? ይህን ሁሉ የምትጠይቅህ እናታችን ናት፤ እኔ ብሆን የምጠይቅህ ሌላ ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ማለት እንዴት ያለ ደህና እንደሆነ ግን ከታች ታነበዋለህ።

በወረቀት የጻፍኩልህ ቴሌግራም ጠፍቶኝ አይደለም። በቴሌግራም ስጽፍልህ አውራ ጣት ትልክልኛለህ። አንድ ሙሉ ቀን የደከምኩበትን ነገር ስነግርህ አውራ ጣት! ወረቀት ላይ አውራ ጣት መለጠፍ አይቻልምና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነባታለህ። የሞጣው ከማሉዲን ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ዓባይን ስለሚሻገር አዲስ አበባ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ የሰማኸው ቁርጥራጩን ነውና። የእናታችንን ዐይን ግፊት እንዳገኘው ባለፈው ክረምት ነግሬህ ነበር። የግራው ጨርሶ ሄዷል። የቀኙም ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ አሁን የምታየው እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ፊት ለፊቷ ያለውን ብቻ ነው። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣችው የዐይን ነርስ፣ የጠፋው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው ብላ እቅጩን ነገረችን። እናታችን ሰምታ አላለቀሰችም። ከጤና ጣቢያው ግቢ ስንወጣ ብቻ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ እንግዲያው ዐይኔ ሳለ ሁላችሁንም አንድ ላይ ልያችሁ አለችኝ።

አንተ አትመጣም። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም፣ ሥራው አይለቀኝም፣ አገሩ ይረጋጋ ትላለህ። ስለዚህ በእኔ ሙያ ልሞክረው ብዬ ተነሳሁ። መቼም ስቱዲዮዬ የሚኖርበትን ሥራ ታውቀዋለህ፤ ልጁ ቤሩት ያለችበት፣ አባቱ የሞተበት፣ ወንድሙ ከሄደ ያልተመለሰ የቢቸና ሰው ሁሉ ፎቶውን በየፊናው ይዞ ይመጣና አንድ ላይ አቁሚልኝ ይለኛል። እኔም ቆርጬ፣ ጥላውን አስተካክዬ፣ ጎን ለጎን አቆማቸዋለሁ። የሰውን ቤተሰብ ሳገናኝ ኖሬ የራሴን እንዴት ያቅተኛል አልኩ። እናታችንን መሀል፣ አባታችንን ከድሮው ጉርድ ፎቷቸው፣ እኔን፣ ባለቤቴን ሽታሁንን፣ ልጄን ሃናን፣ አንተን። የቀረኝ ያንተ ፎቶ ብቻ ነበር።

እንግዲህ መከራዬ የጀመረው ከዚህ ነው። የድሮው ኮምፒውተሬ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስለተቃጠለ አንተ ስትጠቀምበት የነበረውን ላፕቶፕ ላክህልኝ፤ ለእሱስ እግዜር ይስጥልኝ። ውስጡ ግን ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስ የለም፤ ሊኑክስ ነው። ነጻ ነው፣ የማንም ባሪያ አያደርግሽም፣ የተሰረቀ ፕሮግራም እንዳትጭኚበት ብለህ አስማልከኝ። እሺ አልኩ። ፎቶህን ላክ አልኩህ። ከሄድክ ወዲህ የላክኸው ሁሉ የብስክሌት፣ የበረዶና የጎረቤትህ ድመት ፎቶ ነው፤ ፊትህ ያለበት አንድም የለኝ። በቪዲዮ እንዳናይህ ኔትወርኩ እንዴት ነህ ሳንል ይቆረጣል። ላክህ። የላክኸው ግን በአዲሱ ካሜራህ ያነሳኸው ጥሬ ፋይል ሆነና ስልኬም አልከፍትም አለ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው የፎቶ ማስተካከያም አልከፍትም አለ።

እንደ ሰው አድርገህ ላከው ብዬ ለመንኩህ። ጥራቱ ይወርዳል አልከኝ። ፕሮግራሙ ስላረጀ ነው፣ የአዲሱን ምንጭ አውርደሽ ራስሽ ኮምፓይል አድርጊው አልከኝ። ኮምፓይል ምንድን ነው ብልህ፣ ሰው የጻፈውን የፕሮግራም ጽሑፍ ማሽኑ ሊሠራበት ወደሚችል ነገር መለወጥ ነው አልከኝ። ዱቄት ብጠይቅህ ስንዴ ልከህ ወፍጮውንም ራስሽ ትከዪው ማለትህ ነው። ነጻ ነው ያልከኝ ነገር ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ።

ቢሆንም እልኸኛ ነኝና ጀመርኩ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ እገሌ የሚባል ረዳት ፕሮግራም አምጪ አለኝ። እሱን ሳመጣ እሱም በተራው ሌላ ረዳት አምጪ አለኝ፤ ያንን ሳመጣ ይህማ ያረጀ ነው፣ አዲሱን አምጪ አለኝ። ማህተም ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተት ባለጉዳይ አደረገኝ። ቢሮ እንኳ ሲደብረው ነገ ተመለሽ ይላል፤ ይህኛው ፊት እንኳ የለው የምቆጣው። ከኢንተርኔት እንዳላወርድ ደግሞ የምከፍተው ገጽ ሁሉ የማይታመን ነው እያለ ይመልሰኛል። ስልኬ ያለ ችግር የሚከፍተውን ገጽ ላፕቶፑ ይጠረጥራል። እኔ ኔትወርኩ መስሎኝ ኔትወርኩን ስረግም ከረምኩ።

በመጨረሻ ላፕቶፑን በመንገድ ይዤ መውጣት ፈርቼ ፍላሽ ብቻ በመቀነቴ ቋጥሬ ሞጣ ሄድኩ። ከማሉዲን ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን ስለሆነ የሚያስፈልገውን ሁሉ አወረደልኝ። እያወረደ ግን፣ ወንድምሽን ምን ብትበድዪው ነው እንዲህ የተበቀለሽ ይለኛል። ሰው ሁሉ የሚሠራበትን ፕሮግራም በሌላ ማሽን ላይ ልስጥሽና ዛሬውኑ ፎቶሽን ሠርተሽ ግቢ ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩት፤ ወንድሜ የተሰረቀ ነገር እንዳልነካ አስምሎኛል አልኩት። ሳቀብኝ። ሲስቅ ጊዜ ላንተ ቆሜ ተከራከርኩልህ፤ እስካሁን ከሚያንገበግበኝ አንዱ ይህ ነው።

ቤቴ ገብቼ ፍላሹን ከፈትኩ። ላፕቶፑ ጥቂት ሠራ ሠራ አደረገና ቆመ። ሰዓት ተዛብቷል፣ ይህ ፋይል የተሠራው ገና ባልደረሰ ጊዜ ነው የሚል ነገር ጻፈልኝ። ፋይል ገና ካልደረሰ ጊዜ ይመጣል? እንግሊዝኛዬ ያሳሳተኝ መስሎኝ መምህሩን ሽታሁንን አስነበብኩት፤ እሱም እንደዚያው አነበበው። ስክሪኑን በስልኬ አንስቼ ላክሁልህ። አንብቢው፣ መልሱ እዚያው ተጽፏል አልከኝ። አነበብኩት አልኩህ። አውራ ጣት ላክህ። ሌላ አንስቼ ላክሁ፤ ሁሉንም አጥፍተሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ አልከኝ። አጠፋሁ፣ ጀመርኩ፣ ያው ነው። እናታችን ጠዋት ጠዋት ስቱዲዮው ድረስ ግድግዳ ይዛ እየመጣች ፎቶው ደረሰ ወይ ትለኛለች። ምን ልበላት? ፋይሉ ገና ካልደረሰ ጊዜ ነው የመጣው ልበላት?

ባለፈው ሳምንት በመጨረሻ ጉዱን አገኘኸው። የላፕቶፑ ቀን ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ኋላ ቀርቷል፣ ማነው የነካካው፣ ሃናን አታስነኪያት አላልኩሽም ወይ ብለህ ጻፍክልኝ። ያለ ጥፋቷ ልጄን ወነጀልክ።

ስማኝ ዓለምነህ። የነካካው የለም። ቀኑን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ የሞላሁትም በትክክል ነው። ያንተ ላፕቶፕ የውስጥ ባትሪው ሞቷል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳና ሲከፈት እንደ አዲስ ይጠይቀኛል። እኔም ግድግዳዬ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ እያየሁ ወሩንና ቀኑን፣ ዓመቱንም ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ብዬ እሞላለታለሁ። ካሜራዬንም የምሞላው እንዲሁ ነው። ፎቶው ጥግ ላይ የፈረንጅ ቀን ከወጣ ደንበኛው፣ ልጄ ክርስትና የተነሳው በዚህ ቀን አይደለም ብሎ ይመልስብኛል። ቀን ለጠየቀኝ የምኖርበትን ቀን ነው የምነግረው።

በላክሁልህ ፎቶ ሁሉ ላይ ያ ቀን ከላይ ወለል ብሎ ይታያል። አይተኸዋል፣ ደጋግመህ አይተኸዋል። የፈረንጅ ልጅ አይቶት ማሽኑ ተበላሽቷል ቢል አልፈርድበትም። ቢቸና ተወልዶ ሞጣ የተማረ ሰው ግን ገና ቁጥሩን ሲያይ፣ ይቺ እትዬ የአገሯን ዓመት ሞልታበት ነው ብሎ በሳቅ መውደቅ ነበረበት። አንተ አልሳቅህም። አንተ ያየኸው ብልሽት ነው። የምንኖርበትን ዓመት፣ እናትህ በየቀኑ እያየች የምትጨርሰውን ዓመት፣ ኋላ ቀርቷል አልከኝ። ቆሽቴን ያሳረረው ይህ ነው እንጂ ኮምፓይሉ አይደለም። ኮምፓይሉንስ ጥንቅር ይበል።

እሺ ብዬ የፈረንጁን ቀን ሞላሁለት፤ በፈረንጅ ስለሚቆጥር ዘንድሮ የተሠራው ሁሉ ገና ያልደረሰ መስሎት ኖሯል። ወዲያው ላፕቶፑ ሲጠረጥራቸው የከረሙት ገጾች ተከፈቱ፣ ረዳቶቹም ተራ በተራ እሺ አሉ፣ ላፕቶፑም ሲግልና ሲያጉረመርም ውሎ ከሰዓት በኋላ ፕሮግራሙ ተከፈተ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከመስከረም እስከዚህ ድረስ ያለው ጊዜ ላንተ ምንም አይደለም። እናታችን ግን በመስከረም ፊቴንና ከኋላዬ ያለውን በር አንድ ላይ ታይ ነበር፤ አሁን ፊቴን ስታይ በሩ የለም።

ፎቶህን ከፈትኩት። ጺም አሳድገሃል። ጸጉርህ ከፊት ሸሽቷል፣ የቀረውም ሸብቷል። መነጽር አድርገሃል። ጥራቱስ እውነትም አልወረደም፤ የግንባርህ መስመር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔ እህትህ፣ አዝዬ ያሳደግሁህ፣ ያንተ መሆኑን እያወቅሁ ደንግጬ ቆየሁ። ከዚያ እንደ ሥራዬ ቆርጬ ከእናታችን በስተቀኝ አቆምኩህ፤ ትከሻህን ከትከሻዋ አስጠጋሁት። ከዚህ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። በትልቁ አሳተምኩት።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፍ ላይ ብርሃን ባለበት አስቀምጬ ሰጠኋት። ወደ ዐይኗ አስጠግታ ከግራ ወደ ቀኝ እያንሸራተተች እያንዳንዱን ፊት አየች። አባታችንን አገኘቻቸውና ሳመቻቸው። ሽታሁንን አየች፣ እኔን አየች፣ ሃናን አይታ እዚህ ላይ ወፍራለች ብላ ሳቀች። የራሷንም ፊት አይታ እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ አለች። ያንተ ፊት ላይ ደረሰች። ቆም አለች፣ አለፈችህ። የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ፣ ዓለምነህስ የታለ አለችኝ።

ዐይኗ ይሁን ፊትህ አላውቅም። ጣቷን ይዤ ፊትህ ላይ አሳረፍኩና ይኸው አልኳት። አስጠግታ ደግማ አየች። ከዚያ፣ ነው ካልሽኝ ይሁን አለችና ፎቶውን መለሰችልኝ።

ስለዚህ ሌላ ፎቶ እንዳትልክልኝ፤ ጥሬውንም የበሰለውንም አልፈልግም። የእኔ ሙያ እዚህ ላይ አልቋል። ድምፅህን ዐይኗ ከጠፋም በኋላ ትሰማዋለች፤ የሚያመልጣት ፊትህ ነው። ወረቀትህ ይቆይ፣ ሥራህም ይቆጣ፣ ለፋሲካ ና። ሽታሁን ደጀን ድረስ ወርዶ ይቀበልሃል። መጥተህ ፊት ለፊቷ ተቀመጥ፣ እስክትለምድህ ድረስ አትነሳ። እኔም ያን ጊዜ እንደ ልቤ እሰድብሃለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ገና መግቢያው ነው።

ንዴቴ እንዳለ ሆኖ ሽታሁን ሰላም ብሎሃል፤ ይህን አንብቦ በዛ ይቀነስለት ብሎኝ ነበር፣ አልቀነስኩም። ሃና ላፕቶፑን እኔ አልነካሁትም በይልኝ ብላለች፣ ሰላምታዋንም ልካለች። ሞጣ ስትማር ቤታቸው ተከራይተህ የኖርክባቸው የከማሉዲን እናት እትዬ ዑሙሰልማ፣ ያ ቀጭን ልጅ ወፈረ ወይ ብለው ጠይቀውሃል፤ ዱዓቸው አይለይህ። ከማሉዲንም ሰላም ብሎሃል፣ አሁንም እየሳቀ ነው። ከእናታችን ግን የምጽፍልህ ሰላምታ የለኝም። ምን ልበልልሽ ብላት፣ ሰላምታዬን ሲመጣ ለራሱ ነው የምሰጠው አለችኝ።

እህትህ ሥርጉት ገላው
ቢቸና፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.